ዝምታም ይነቅዛል

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አባቶቻችን። እህል በጎተራ ሲቆይ ነቀዝ ይገባበታል፤ ያልተናገሩት ቃል ግን የቱን ያህል ቢቆይ አይበላሽም ማለታቸው ነው። ምክሩ ለብዙ ነገር ይበጃል። ያልተናገሩት ቃል ከጎረቤት አያጣላም፤ ከዳኛ ፊት አያቆምም፤ ከእንጀራ አያፈናቅልም። እኔም በልጅነቴ ይህን ተረት ከአባቴ አፍ እየደጋገምሁ ስለ ሰማሁት እንደ ጸሎት በቃሌ ይዤው ነበር። ዳሩ ግን ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ነገር ደረሰብኝ። ከዚያ ወዲህ ተረቱን በሰማሁ ቍጥር አንድ የጂኦግራፊ መጽሐፍና ባና የደረቡ አንድ ሽማግሌ በዓይኔ ላይ ይመጡብኛል። ዛሬ ለአንባቢዎቼ የማወጋው ይህንኑ ነው።

ነገሩ የሆነው በደብረ ብርሃን ነው። ከተማይቱ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች። ብርዷን ያልቀመሰ ሰው ሲነግሩት አይገባውም። በጥቅምትና በኅዳር ውርጩ የሜዳውን ሣር ነጭ አድርጎት ያድራል፤ ጧት ሰንደቅ ዓላማ እስኪወጣ ድረስ እጃችንን በብብታችን ሸጕጠን እየተንቀጠቀጥን እንቆም ነበር። የሱፍ ብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለባት ከተማ መሆኗ በከንቱ አይደለም።

በ1979 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሰባተኛ ክፍል ገባሁ። በዚያን ጊዜ አንደኛ ደረጃ የሚባለው እስከ ስድስተኛ ክፍል ያለው ሲሆን፣ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍሎች መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ይባሉ ነበር። እስከ ስድስተኛ ክፍል በአማርኛ ስንማር የቆየን ልጆች ሰባተኛ ክፍል ስንገባ ሒሳቡም፣ ሳይንሱም፣ ጂኦግራፊውም በአንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ ሆነብን። ባለፈው ዓመት «እኔ! እኔ!» እያልን እጃችንን ከመምህሩ ዓይን ሥር እንደቅን የነበርን ልጆች በአንድ ክረምት ዲዳ ሆነን ተገኘን። መልሱን የሚያውቀው እንኳ ቃሉ ስለሚጠፋበት አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ተሳስቶ መናገር ማለት ስድሳ ልጅ በአንድ ላይ ማሳቅ ነበረ። እንግዲህ ዝምታን የተማርሁት ከአባቴ ተረት ብቻ ሳይሆን ከዚያ ክፍልም ጭምር ነው።

በዚሁ ክፍል ከእኔ ጋር በአንድ ዴስክ የተቀመጠው ልጅ ከገጠር የመጣ ነበረ። ስሙን ማንሣት አያስፈልግም። ልጆቹ «ባላገሩ» ይሉት ነበር፤ መጀመሪያ ላይ እኔም ብዬዋለሁ። ከአገሩ ልጆች ጋር ሦስት ሆነው አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። የቤቱ ኪራይ በወር 9 ብር ሲሆን የእያንዳንዳቸው ድርሻ ሦስት ሦስት ብር ነው። ዓርብ ከትምህርት ሲወጣ የአራት ሰዓት መንገድ በእግሩ ተጕዞ ወላጆቹ ዘንድ ይገባል። እሑድ ማታ ደግሞ የሳምንቱን ስንቅ፣ በሶውን፣ ቆሎውን፣ ሽሮውንና ድርቆሹን ተሸክሞ ይመለሳል። በዚያ ዕድሜው ኩበት አንድዶ ራቱን ራሱ ያበስል ነበር። እኔ ግን እናቴ ምሳዬን አቅርባልኝ «ወጡ ቀጥኗል» እያልሁ የማኰርፍ ልጅ ነበርሁ።

ወዳጅነታችን የተጀመረው በቆሎ ነው። አንድ ቀን ብርዱ ሲያንዘፈዝፈኝ አይቶ ከኪሱ አንድ ጭብጥ የገብስ ቆሎ አውጥቶ በዴስኩ ሥር አቀበለኝ። ከዚያ በኋላ አልተለያየንም። እሱ በሒሳብ ይበልጠኛል፤ እኔ ደግሞ አባቴ በመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ስለ ነበረ ቤታችን መዝገበ ቃላት ነበረን። እኔ የእንግሊዝኛውን ቃል እየፈለግሁ አሳየዋለሁ፤ እሱ ሒሳቡን ያስረዳኛል። ከሰዎች ሁሉ ፊት ዝም የምንል ሁለት ልጆች፣ ለብቻችን ስንሆን ወሬያችን አያልቅም ነበር።

የመማሪያ መጽሐፍ ጥቂት ስለ ነበረ ለሁለት ተማሪ አንድ ይታደላል። ከሁለቱ አንዱ በመዝገቡ ላይ ይፈርማል፤ መጽሐፉ ቢጠፋ ተጠያቂው የፈረመው ነው። የጂኦግራፊው መጽሐፍ የደረሰን ቀን ጓደኛዬን «አንተ ፈርም፤ ጽሕፈትህ ያምራል» አልሁት። እውነትም የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ስለ ነበረ ጽሕፈቱ ውብ ነበረ። ደስ ብሎት ፈረመ።

ያን መጽሐፍ እንዴት እንደሚወደው! በውስጡ ያለውን ካርታ ዘርግቶ፣ ከነጠላው ጫፍ የመዘዘውን ክር በወንዞቹ ላይ እያስኬደ ርዝመታቸውን ይለካ ነበር። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በረሃ ውስጥ የሚቀር ወንዝ መሆኑን ያሳየኝ እሱ ነው። «ይህን ሁሉ መንገድ ሄዶ፣ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቀረ» ይል ነበር፣ እንደ ሰው አዝኖለት። የከተማችን ወንዝ በሬሳ ወደ ጀማ፣ ጀማም ወደ አባይ እንደሚገባ የነገረኝም እሱ ነው። በልብስ ማጠቢያነቱና በዋና ቦታነቱ ብቻ የማውቀው በሬሳ እስከ ግብፅ የሚሄድ መሆኑን ስሰማ በጣም ገረመኝ።

መጋቢት ላይ፣ በአንድ ዓርብ ቀን፣ ጓደኛዬ ወደ አገሩ ሊሄድ ሲል መጽሐፉን ሰጠኝና «ሰኞ እንዳትረሳው» አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይዤው ወደ ኳስ ሜዳ ሄድሁ። የጎል ምሰሶ ስላልነበረን በአንዱ በኩል ድንጋይ፣ በሌላው በኩል የልጆቹን ሹራቦችና የእኔን መጽሐፍ አኖርን። ጨዋታው ሳያልቅ የበልጉ ዝናብ ወረደ። ሁሉም ሹራቡን አንሥቶ ሮጠ፤ እኔም ሮጥሁ። መጽሐፉ ትዝ ያለኝ ማታ ከመኝታዬ ላይ ነው።

እሑድ ጧት ማልጄ ስሄድ ከብቶች ሜዳው ላይ ተሰማርተዋል። መጽሐፉን አገኘሁት፤ ባላገኘው ይሻል ነበር። ውሃ ጠጥቶ አብጧል፤ ሽፋኑን ላም አኝካዋለች፤ ያ ካርታ ከጭቃ ጋር ተለጥፎ ሊላቀቅ አልቻለም። በዚህ ጊዜ ወስጄ ለአባቴ አሳይቼው ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን ተገርፌ ነገሩ ባበቃ ነበር። ነገር ግን ፈራሁ። ግራና ቀኝ ተመለከትሁና መጽሐፉን በሬሳ ወንዝ ውስጥ ጣልሁት። እየተገለባበጠ ሲሄድ «ወደ ጀማ፣ ከዚያ ወደ አባይ» የሚለው የጓደኛዬ ድምፅ ተሰማኝ።

ሰኞ ዕለት «መጽሐፉስ?» አለኝ። «ቤት ረሳሁት» አልሁ። ማክሰኞ «አባባ እያነበበው ነው» አልሁ። ረቡዕ አልጠየቀኝም። ከዚያም በኋላ አንድ ቀን እንኳ አላነሣውም። ሳይጠይቀኝ መቅረቱ ከመጠየቁ የበለጠ አስፈራኝ፤ ማወቁን አወቅሁ። ያም ሆኖ ቆሎውን ማካፈሉን አልተወም። እኔም «ዝም አይነቅዝም» እያልሁ ራሴን አጽናናሁ፤ ቀኑ ሲርቅ ነገሩ የሚቀል መሰለኝ።

ሰኔ ደረሰና መጽሐፍ መመለሻው ቀን ሆነ። ኃላፊው መምህር መዝገቡን ዘርግተው ስም እየጠሩ ይረከባሉ። የጓደኛዬ ስም ተጠራ። ተነሣና ለአንድ አፍታ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ ጫማዬን አየሁ። እስከ ዛሬ ድረስ የዚያ ጫማ ክር እንዴት እንደ ታሰረ፣ የቱ ጫፍ እንደ ተተረተረ መናገር እችላለሁ፤ ያን ያህል አፍጥጬበት ነበር። ጓደኛዬም «ጠፋብኝ» አለ። መምህሩ ከነመቀጫው 12 ብር መሆኑን ነግረው፣ ከፍሎ ደረሰኝ እስኪያመጣ ድረስ የፈተና ውጤት ካርዱ እንዲያዝ አዘዙ። ያለ ካርድ ስምንተኛ ክፍል መመዝገብ አይቻልም። አሥራ ሁለት ብር ማለት ለእሱ የአራት ወር የቤት ኪራይ ድርሻው ነበረ።

እኔ ካርዴን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ከክፍሉ ሦስተኛ ወጥቼ ነበር። አባቴ በጣም ተደስቶ ለሚመጣው ዓመት አዲስ ጫማ ገዛልኝ። «ያ የገጠር ጓደኛህስ ስንተኛ ወጣ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «እንጃ» አልሁት። ካርዱ ተይዞበታል ብል «ለምን?» ይለኛል። እንዲህ አድርጎ አንዱ ዝምታ ሌላውን ዝምታ ይወልዳል። በዚያ ክረምት ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ በሰማሁ ቍጥር ጭንቀት ይይዘኝ ነበር። ለመናገር አስቤ አንድ ቀን አባቴ እስኪገባ ደጅ ቆሜ ጠበቅሁት፤ ሲመጣ ግን ስለ ኳስ ጠይቄው ገባሁ።

በ1980 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ የምዝገባ ዕለት፣ አዲሱን ጫማዬን አድርጌ ከአባቴ ጋር ተራ ይዤ ቆምሁ። ከፊታችን ጓደኛዬና አባቱ ነበሩ። ሽማግሌው በነጠላቸው ላይ ባና ደርበው፣ በረባሶ ተጫምተው፣ ዱላቸውን በብብታቸው ይዘዋል። ሌሊት ተነሥተው በእግራቸው መምጣታቸው እስከ ጕልበታቸው ከወጣው ጭቃ ይታወቃል። ተራቸው ሲደርስ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ገንዘቡን በጠረጴዛው ላይ መቍጠር ጀመሩ። የተጨማደደ ብርና ሳንቲም ነው። ሲቈጠር ዘጠኝ ብር ሆነ።

«ሁለት ዶሮ ሸጬ ነው ጌታዬ። የቀረውን እህል ሲደርስ አመጣለሁ» አሉ።

መዝገብ ያዡ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያቸው «ሦስት ብር ይጐድላል፤ ሲሟላ ይምጡ» አላቸው። ቀጥሎም «ለመሆኑ ልጅዎ መጽሐፉን ሸጦት እንደሆነስ? ከገጠር የሚመጡት ይህን ልማድ አድርገውታል» አለ።

ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ዞሩ። ፊታቸው የተለወጠው ስለ ገንዘቡ አይደለም። «ሸጥኸው?» አሉት፣ በቀስታ። ጓደኛዬ አልመለሰም። በዚህ ጊዜ ከጀርባው መቆሜን እያወቀ ወደ እኔ አልዞረም። ቢያየኝ ኖሮ እንደ ሰኔው ሁሉ ጫማዬን ባየሁ ነበር ይመስለኛል። አለማየቱ ግን መደበቂያ አሳጣኝ።

«እኔ ነኝ» አልሁ።

ድምፄ ከጕሮሮዬ አልፎ ስላልወጣ መዝገብ ያዡ «ምን አልህ?» አለኝ። አንባቢዎቼ ሆይ፣ ድፍረት የሚያስፈልገው ለመጀመሪያው ቃል ይመስላችሁ ይሆናል። የመጀመሪያውስ አምልጦኝ ነው። ሁሉ ሰው ዞሮ ሲያየኝ፣ የአባቴም እጅ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ፣ ያንኑ ቃል ደግሞ መናገር ነው ከባዱ። «ምንም» ብዬ ልመለስ እችል ነበር፤ በሩ ክፍት ነበረ። «መጽሐፉን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እሱ አልሸጠም» አልሁ። ከዚያ ወዲያ ኳሱንም፣ ዝናቡንም፣ ላሟንም፣ ወንዙንም አንድ ሳላስቀር ተናገርሁ።

አባቴ አንድ ቃል ሳይተነፍስ 12 ብር ከኪሱ አውጥቶ ከፈለ፤ ዘጠኙን ብር ሰብስቦ ለሽማግሌው በሁለት እጁ መለሰላቸውና ይቅርታ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ጭንቅላቴን ዳስሰው «እግዜር ይስጥህ ልጄ፤ ልጄን ከሌብነት አወጣኸው» አሉኝ። ያስገባሁት እኔ ሆኜ ሳለ ስላወጣሁት መመስገኔ ከግርፋት ይበልጥ ተሰማኝ። ዛሬም ይሰማኛል።

ቤት ስንደርስ አባቴ አልመታኝም። «ጫማውን አውልቅና ጠርገህ በካርቶኑ መልሰው» አለኝ። ሸጠው፤ እኔም ስምንተኛ ክፍልን በአሮጌው ጫማ፣ ጣቴ ውርጭ እየመታው ጨረስሁ። ያን ዕለት ማታ ግን ተናድጄ ነበርና «አባባ፣ ዝም አይነቅዝም ይሉ አልነበር?» አልሁት። ጥቂት አሰበና እንዲህ አለኝ፤ «ዝም አይነቅዝም የተባለው በሰው ጕዳይ ዘለህ እንዳትገባ ነው። ይህ የሰው ጕዳይ አልነበረም፤ ያንተ ነበር። የራስህን ዝም ስትል ሌላው ሰው ይከፍልልሃል።»

ታሪክ ቢሆን ኖሮ እኔና ጓደኛዬ በማግሥቱ ተቃቅፈን ታረቅን ብዬ እጨርስ ነበር። የሆነው እንዲህ አይደለም። ጓደኛዬ ካርዱን አገኘ፤ ከክፍሉ አንደኛ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ሲጀመር ግን ሌላ ዴስክ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። አንድ ወር ሙሉ ሰላምታ ብቻ ሆነ። እውነትን መናገር ያጠፉትን ወዲያው እንደማይመልስ በዚያን ጊዜ ተማርሁ።

በጥቅምት፣ ውርጩ በበረታበት አንድ ጧት፣ ሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆመን ሳለ ከጎኔ መጣና ቆሎ በእጄ ላይ አፈሰሰ። ከዚያ «አንድ ነገር ልንገርህ» አለኝ። «ሰኔ ላይ ዝም ያልሁት ላንተ ብዬ ይመስልሃል። አይደለም። ብናገር ትጠላኛለህ ብዬ ፈርቼ ነው። በዚህ ከተማ ከአንተ በቀር የማውቀው ሰው አልነበረም።»

ይህን ስሰማ ደነገጥሁ። የእሱን ዝምታ የትልቅነት፣ የእኔን የፈሪነት አድርጌ ስይዝ ቆይቼ ነበር። ለካስ ሁለታችንም የፈራነው አንዳችን ሌላውን እንዳናጣ ነው፤ በዚሁ ፍርሃት ምክንያት ልንተጣጣ ጥቂት ቀርቶን ነበር። እንደ አዋሽ ማለት ነው፤ ይህን ሁሉ ተጕዞ ሳይደርስ መቅረት።

በዚያው ዕለት ውል ተዋዋልን። እያንዳንዳችን በክፍል ውስጥ በቀን አንድ ጊዜ እጃችንን አውጥተን፣ ትክክልም ይሁን ስሕተት፣ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር መናገር አለብን። ያልተናገረ የቀኑን ቆሎ ወይም የቀኑን ዳቦ ይቀጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ዳቦ ተቀጣሁ። ጓደኛዬ ተነሥቶ ሲናገር ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሱም አብሮ ሳቀና ጥያቄውን ከመጀመሪያው ደገመው። ቀስ በቀስ ሌሎችም ልጆች እጃቸውን ማውጣት ጀመሩ። በዓመቱ መጨረሻ የስምንተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፣ በተለምዶ «ሚኒስትሪ» የምንለው፣ ሲመጣ ሁለታችንም አለፍን። ከጊዜ በኋላ እሱ በቅየሳ ሙያ ተቀጠረ፤ ካርታን መውደዱ አልቀረም። ዛሬም ስንገናኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የዛሬውን ተናግረሃል?» ብሎ ነው።

እኔም ትምህርቴን ጨርሼ በ1987 ዓ.ም. በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ጀማሪ ሠራተኛ ሆንሁ። በሁለተኛው ወር አንድ ፋይል ጠፋና አዛውንቱ ተላላኪ «አንተ ነህ የጣልኸው» ተብለው ደመወዛቸው ሊቀጣ ሆነ። ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ይህን ስሰማ ፋይሉን ባልሆነ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጥሁት እኔ ራሴ መሆኔ ትዝ አለኝ። ያ የድሮው ፍርሃት ምንም ሳይቀነስለት መጣ። የሙከራ ጊዜዬን እንኳ አልጨረስሁም ነበር። ጫማዬን አየሁ። ከምሳ በኋላ ግን አለቃዬ ቢሮ ገብቼ ተናገርሁ። ተቈጡኝ፤ ማስጠንቀቂያም ተጻፈብኝ፤ ተላላኪው ግን ደመወዛቸውን ሙሉውን ተቀበሉ።

በልጅነቴ ለመናገር ስድስት ወር ፈጅቶብኝ ነበር፤ በዚያን ዕለት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ፍርሃቱ አልጠፋም፤ እስከ ዛሬም አልጠፋም። የሚለወጠው ጊዜው ብቻ ነው። ስለዚህ በትምህርት ቤት ዴስክ ወይም በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ወጣቶች፣ ፍርሃቱ እስኪለቅቃችሁ አትጠብቁ። እናንተ ዝም ባላችሁ መጠን በሩቅ ያለ አንድ ሰው ዶሮውን እየሸጠ ይሆናል።